የዕቁብ ሒሳብ በርብ ዳር

አምስት ሴት ልጆች ያሉት አባት ነው። ሚስቱ ስድስተኛውን አርግዛለች። ጎረቤቱ «እግዜር በሰላም ያገላግላት እንጂ ወንድም ሆነ ሴት ያው ነው» ሲለው፣ አባትየው ቆጣ ብሎ «የምን ሴት? ሴቱማ አልቋል!» አለ ይባላል።

ይህች ቀልድ በወረታ ከተማ ብቻ የምትነገር አይደለችም፤ ልጅ በሚወለድበት አገር ሁሉ ዘመዶች አሏት። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1814 ስለ ዕድል ስሌት ባሳተመው ድርሰት ወንድ ልጅ አጥብቀው ስለሚሹ አባቶች ጽፏል። እነዚህ አባቶች ልጃቸው በሚወለድበት ወር ብዙ ወንዶች መወለዳቸውን ሲሰሙ ይከፋቸው ነበር። የወሩ ወንድ ተሻምቶ ያለቀ፣ ለእነሱ የቀረው ሴት ብቻ የሆነ መስሏቸው ነው። የእኛ አባት «ሴቱ አልቋል» ሲል ደስ አለው፣ የእነሱ «ወንዱ አልቋል» ብለው አዘኑ። ስሕተቱ ግን አንድ ነው። ፅንሱ እኅቶቹ ስንት እንደሆኑ አያውቅም። አምስት ልጆች ካሏቸው መቶ ቤተሰቦች ሦስት ያህሉ ሴት በሴት ይሆናሉ፤ ስድስተኛው ልጅ ሲመጣም ነገሩ እንደ መጀመሪያው ሁሉ እኩል በእኩል ነው።

እንዲህ ያሉ ቀልዶች የሚያስቁን ሰውየው ጅል ስለሆነ እንዳልሆነ አጥብቄ አምናለሁ። በደንብ የሚያውቀውን ሒሳብ ቦታው ባልሆነ ቦታ ስለተጠቀመበት ነው የሚያስቁን። ያ ሒሳብ የት እንደሚሠራ ለማየት ደግሞ ወረታ ገበያ ዳር ዕቁብ ሲወጣ መቆም ይበቃል።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና የሚያልፍባት፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠልባት የፎገራ ወረዳ ከተማ ናት። የሩዝ መፈልፈያ ባለቤቱ፣ የሽንኩርት ነጋዴው፣ ባለሱቁና ባለ ባጃጁ ገንዘባቸውን የሚያንቀሳቅሱት በአብዛኛው በዕቁብ ነው። ሃያ ሰው የተሰበሰበበትን ዕቁብ እንይ። ጸሐፊው የሃያውን ስም በሃያ ቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፤ እያንዳንዱን አጣጥፎ ጠቅልሎ ኮፍያ ውስጥ ይጨምራል። ዳኛው ኮፍያውን ከፍ አድርጎ ያንቀጠቅጣል። ከዚያ አንድ ሕፃን ይጠራና ፊቱን አዙሮ እጁን ይከታል። ወረቀቱ ሲፈታ አንዱ ፈገግ ይላል፣ አሥራ ዘጠኙ «እንኳን ደስ ያለህ» ይላሉ። ስሙ የወጣለት ሰው ዋሶቹን ጠርቶ፣ ፈርሞ ገንዘቡን ይቀበላል። ወረቀቱ ይቀደዳል። ወደ ኮፍያው አይመለስም።

ዋናው ነገር ያ የተቀደደ ወረቀት ነው። በመጀመሪያው ቀን የእያንዳንዱ ዕቁብተኛ ዕድል ከሃያ አንድ ነበር። በሁለተኛው ከአሥራ ዘጠኝ አንድ ይሆናል፣ አሥር ሰው ከወሰደ በኋላ ከአሥር አንድ። የመጨረሻው ሰው ዕጣ ማውጣት ራሱ አያስፈልገውም። ዕቁብ ላይ የታገሠ ሰው ዕድሉ በእውነት እየጨመረለት ይሄዳል፤ «ዛሬ ካልወጣልኝ ለሚቀጥለው ቀርቤያለሁ» ቢል ቅንጣት አልተሳሳተም። ይህን ሒሳብ ያልተማረች ባልቴት እንኳ ከእርሻ ኮሌጅ ተማሪ እኩል ታውቀዋለች፤ ዕድሜ ልኳን ስትቆጥረው ኖራለች። ቅርጫ ሲከፋፈልም ዕጣው እንዲሁ ነው፤ አንዱ ያነሣው መደብ ለሌላው አይደርስም።

ያለ ኮፍያ የሚወጣ ዕጣ ግን ሌላ ነው። ሳንቲም ሲወረወር ዘውድ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ቢወጣ የሚቀደድ ወረቀት የለም፤ ስድስተኛው ውርወራ ያለፈውን አያስታውስም። ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ በየከተማው ሲሸጥ የገዢው ንግግር ግን እስከ ዛሬ የዕቁብተኛ ንግግር ነው። አዟሪው ቲኬቱን ዘርግቶ ሲቆም አንዱ «ባለፈው በ7 የሚጨርስ ነው የወጣው፣ እሱን ተወውና ሌላ ስጠኝ» ይላል። ሌላው «አሥር ዓመት ሙሉ ቆርጫለሁ፤ አሁንማ ተራዬ ነው» ይላል። ሦስተኛው ተመሳሳይ አኃዝ የተደረደረበትን ቁጥር ሲያይ «ይሄማ አይወጣም» ብሎ ይመልሳል፤ ያ ቁጥር ግን ተዘበራርቆ ከተጻፈው ከሌላው ቁጥር ጋር ዕድሉ እኩል ነው። አሥር ዓመት የቆረጠውና ዛሬ የጀመረው በአንድ ዓይነት ቲኬት አንድ ዓይነት ዕድል አላቸው። በሎተሪ ተራ የሚባል ነገር የለም።

አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ የሚቀላቀሉበትም አለ። የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ለምሳሌ ወደ ዕቁቡ ያደላል፤ የደረሰው ሰው ከመዝገቡ ስለሚወጣ የቀረው ተመዝጋቢ፣ ቤት መሠራቱ እስካልቆመ ድረስ፣ በየዙሩ ይቀርባል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ በኮምፒውተር መረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኝቶ ሲሰረዝ ሕዝቡ የተቆጣው ዕድል ጎደለብኝ ብሎ ብቻ አይመስለኝም። ኮፍያው ውስጥ ማን እንዳለ ማወቅ መብቱ ነበርና ነው። የሕፃኑ እጅና የዳኛው ኮፍያ ለሁሉም የሚታዩ ናቸው፤ የዕቁብ ክብርም እዚያ ላይ ነው።

ስሕተቱ የድሀ ወይም ያልተማረ ሰው ብቻ እንዳይመስለን ነሐሴ 1905 ዓ.ም. ሞንቴ ካርሎ የተፈጸመውን ማስታወስ ያሻል። በዚያ የሀብታሞች መቆመሪያ በአንድ ምሽት የሩሌቱ ኳስ ጥቁር ላይ ተከታትሎ 26 ጊዜ አረፈ። ጥቁሩ በበዛ ቁጥር ተጫዋቾቹ «አሁንስ ቀዩ ግድ ነው» እያሉ በቀዩ ላይ ገንዘባቸውን አፈሰሱ፤ ብዙ ሀብት ቤቱ ውስጥ ቀረ። እነዚያ ሰዎች ልብሳቸው ከእኛ አባት ልብስ ይለያል እንጂ ቃላቸው ያው ነው፦ ጥቁሩ አልቋል።

ስለ አንድ ሐኪም የሚነገረውን ቀልድ ደግሞ ሒሳብ አስተማሪው ጆርጅ ፖልያ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጠቅሶታል። ሐኪሙ በሽተኛውን መርምሮ ሲያበቃ «ሕመምህ ክፉ ነው፤ ከአሥር ሰው ዘጠኙን ይገድላል። አንተ ግን ዕድለኛ ነህ። ከአንተ በፊት እኔ ዘንድ የመጡት ዘጠኙም ሞተዋል» ይለዋል። ይህን ስንሰማ ሁላችንም እንስቃለን፣ ምክንያቱም በሽተኛው እኛ አይደለንም። በገዛ ቲኬታችን፣ በገዛ እርሻችን ላይ ስናደርገው ግን አያስቀንም፤ ጭራሽ ብልኃት ይመስለናል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው፤ ቀልድ ሲሆን የምናውቀው ስሕተት ኪሳችን ሲገባ ለምን ይጠፋብናል?

በየከተማው የተስፋፋው የስፖርት ውርርድ ይህን በወጣቶቻችን ላይ በግልጽ ያሳያል። ቲኬት የቆረጠ ልጅ ከሁሉ በላይ የሚደጋግማት አንዲት አቤቱታ አለች፦ «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ!» ዘጠኙን አግኝቶ አሥረኛው አሳጥቶታል፤ ስለዚህ በጣም ቀርቦ ነበር፣ ስለዚህ ነገ ይሞላለታል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አሥር ጨዋታ መርጧል እንበል፤ እያንዳንዱን የማግኘት ዕድሉም ከመቶ 70 ይሁን፣ ይህም ለጋስ ግምት ነው። ጨዋታዎቹ አንዱ በሌላው ስለማይወሰን ዕድሎቹ ይባዛሉ። 0.7 በራሱ አሥር ጊዜ ሲባዛ ውጤቱ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም። ልክ አንዱን ብቻ ስቶ የመበላቱ ዕድል ግን ከመቶ 12 ነው። እንግዲህ «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» የሚለው ልጅ የገጠመው ለድል የቀረበ ሰው ዕጣ አይደለም። ድል አንድ ጊዜ ሲመጣ በአንድ ጨዋታ መበላት ከአራት ጊዜ በላይ ይመጣል፤ የቲኬቱ የተለመደ ባሕርይ ነው። የዛሬዎቹ ቡድኖች ትናንት ማን እንደተበላ አያውቁም። ይህን ማባዛት ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በስልኩ ሊሠራው ይችላል፣ ያውም ሊቆርጥበት በያዘው በዚያው ስልክ። ማንም ቁጭ ብሎ አላሳየውም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

በፎገራ ሜዳ ላይ ግን ስሕተቱ ከቲኬት ዋጋ በላይ ያስከፍላል። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተነጠፈ፣ ጣናን በምሥራቅ የሚያዋስን ዝርግ መሬት ነው። የርብም የጉማራም ወንዞች የሚመጡት ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከሚቆመው ከጉና ተራራ አካባቢ ነው። ከዚያ ከፍታ አፈር ተሸክመው ይወርዱና ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይላላል፤ የተሸከሙትን እዚያው ያራግፋሉ። የወንዙ ወለል በደለል ከፍ እያለ ሲሄድ ቦዩ የሚይዘው ውኃ ያንሳል። ክረምቱ ሲገፋ ደግሞ ጣና ራሱ ሞልቶ ውኃው የሚሄድበትን ያጣብበዋል። በዚህ ጊዜ ወንዙ ዳርቻውን ሰብሮ ይወጣል፤ ናበጋን፣ ዋገጠራን፣ ሻጋን የመሰሉ ዝቅተኛ ቀበሌዎችን ያጥለቀልቃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም የደረሰባቸውን የዚያ ዘመን ሰው አይረሳውም፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምትም ሜዳው እንደገና ውኃ ዋለበት።

ከጎርፍ በኋላ «አምና መጥቷል፣ ዘንድሮ አይደግመንም» ማለት ይቀናናል። ይህ ተስፋ ነው፤ ሰው ያለ ተስፋ ሞፈር አይጨብጥም። በስሌት ግን ከአምስት ሴቶች አባት ስሌት አይለይም፤ እንዲያውም ይብሳል። ሳንቲሙ ያለፈውን ውርወራ አያስታውስም ብለናል። ወንዝ ግን ያስታውሳል፤ የሚያስታውሰውም እኛን በሚጎዳ መንገድ ነው። አምና ያራገፈው ደለል ዘንድሮ ወለሉ ላይ አለ። አምና የሰበረው ዳርቻ ካልተጠገነ ዘንድሮ የተከፈተ በር ነው። ስለዚህ የአምናው ጎርፍ የዘንድሮውን ዕድል አይቀንሰውም፤ በአንዳንድ ቦታ ይጨምረዋል። የዕቁቡ ሒሳብ ሎተሪ ላይ ዋጋ ቢስ ነበር፤ ርብ ዳር ሲመጣ ደግሞ ተገልብጦ ይቆማል።

የመሐንዲሶቹ አነጋገርም ለዚህ ስሕተት በር ከፍቷል። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲባል ሰው የሚገባው በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ፣ ከመጣ በኋላ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር ነው። ቃሉ ግን በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ጎርፍ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጎርፍ ሁለት ክረምት ተከታትሎ ሊመጣ ይችላል። ቤት ሠርቶ ሠላሳ ዓመት ለሚኖርበት ሰው ደግሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመግጠሙ ዕድል ከመቶ 26 ይደርሳል፤ ከአራት አንድ በላይ ማለት ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ለገበሬው ሊነግረው የሚገባው ይህን ነው፦ «ይህ ቦታ ላይ ጎጆህን ብትቀልስ ልጅህ እስኪያገባ ድረስ ከአራት አንድ በላይ ዕድል ውኃ ይገባበታል።» ይህን የሰማ ገበሬ «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ከተባለው ይልቅ አጥርቶ ይወስናል።

የርብ ግድብ ሲሠራ ብዙዎች ነገሩ አበቃ ብለው ነበር። ግድቡ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የመያዝ አቅም አለው፤ የርብን የጎርፍ ዕድል በእርግጥ ለውጦታል፤ የድሮው የጎርፍ ታሪክም በርብ ላይ እንደ ቀድሞው አይቆጠርም። ነገር ግን የርብ ግድብ የጉማራን ውኃ አይዝም፣ ከግድቡ በታች የሚዘንበውንም ዝናብ አያስቀርም።

እስካሁን የተናገርኩት አንዱ ከሌላው ያልተያያዘውን እንደተያያዘ ስለመቁጠር ነው። የተያያዘውን እንዳልተያያዘ መቁጠርም አለ፤ ይህኛው ቀልድ ሆኖ ብዙ ጊዜ ስለማይነገር በደንብ አይታወቅም። በዚያው በ1998 ክረምት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ በሌሊት ጎርፍ ተመታች፤ ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኦሞ ሞልቶ ሌሎች መቶዎችን ፈጀ። ቀጥሎ ደግሞ ፎገራ ተጥለቀለቀ። በዚያን ጊዜ «ሦስት ቦታ በአንድ ክረምት! ይህማ ተፈጥሮ አይደለም» ያለ ሰው ብዙ ነበር። የሦስቱን ዕድል ነጥሎ ለሚያባዛ ሰው በእርግጥ ተአምር ነው፤ እያንዳንዱ ከሃምሳ አንድ ቢሆን ሦስቱ አንድ ላይ ከ125 ሺህ አንድ ይሆናሉ። ሦስቱ ግን አንድ ክረምት የወለዳቸው ናቸው። አንድ ምክንያት ያላቸው ነገሮች ዕድላቸው አይባዛም።

ይህን ወደ ፎገራ ሩዝ ስናመጣው የዕለት ኑሮ ይሆናል። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ ሲሆን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የጅግናና የሻጋ አምራቾች ማኅበራት ላይ ሞከሩት፤ ለረጅም ዘመን ሜዳውን የሸፈነው ዝርያም ኤክስ-ጅግና ተብሎ ቀረ። ውኃ ተኝቶበት ጤፍ የማይበቅልበትን መሬት ሩዝ ወደ ሀብት ለወጠው። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት፤ ሩዙ ሲታጨድ በእርጥበቱ ላይ ጓያ ይዘራበታል፣ ውኃ ባለበት በፓምፕ ሽንኩርት ይከተላል። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ሜዳው በሙሉ በአንድ ዋና ሰብል፣ በሁለት ወንዝና በአንድ ሐይቅ ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለት ማሳ ያለው ገበሬ «አንዱ ቢጠፋ አንዱ አለኝ» የሚለው ማሳዎቹ የየራሳቸው ዕድል ሲኖራቸው ነው። ሁለቱም ጉማራ ዳር ከሆኑ አንድ ማሳ ናቸው።

የጥንቱ የፎገራ ከብት አርቢ ይህን ሳይጽፍ ያውቀው ነበር። በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም ክረምት ሜዳው ሲጨቀይ ወደ ከፍታው ትወጣለች፣ በጋ ሣሩ ሲለመልም ትመለሳለች። ንብረቱ ግማሹ ውኃ በማይደርስበት ስፍራ፣ ከደገኛ ዘመድ ዘንድ ይውላል። ሜዳው ቢከፋ ደጋው ይኖራል፤ ደጋው ቢከፋ ሜዳው። ሩዙ እየገፋ ግጦሹ ሲጠብ ይህ መከፋፈል እየሳሳ መሄዱ ያሳስበኛል፤ የምርቱን መጨመር በኩንታል እንቆጥራለን እንጂ አብሮ የጠፋውን መጠባበቂያ የምንቆጥርበት ሚዛን የለንም።

ወደ ዕቁቡ ልመለስ፣ ምክንያቱም መድኃኒቱም እዚያው ነው። ዕቁብ የሚቆመው በዋስ ነው። መጀመሪያ የወሰደው ሰው ቀሪውን ካልከፈለ ዋሱ ይከፍላል፤ አንድ ሰው ቢወድቅ ሌላው ይደግፋል የሚል ሒሳብ ነው። ሃያ ዕቁብተኛ ሃያውም ሩዝ ገበሬ፣ ዋሶቻቸውም የዚያው ቀበሌ ሩዝ ገበሬዎች ሲሆኑ ግን ነሐሴ ላይ ወንዙ ቢሰብር የሚወድቀው አንድ ሰው አይደለም። ዕቁብተኛውም ዋሱም ዳኛውም በአንድ ሌሊት እጃቸው ባዶ ይሆናል። ወረቀት ላይ ሁለት ዋስ ነበር፤ ውኃው ሲመጣ አንድም የለም። ዕጣው ኮፍያ ውስጥ ሲገባ እጅግ የሚጠነቀቀው ዳኛ፣ ሕፃኑ ፊቱን እንዲያዞር እንኳ የሚከታተለው፣ በዋሶቹ ላይ ግን ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፦ ይህ ሰው የሚከስረው ያኛው ሲከስር ነው ወይስ በሌላ ቀን?

ወረታ ይህን ለማስተካከል የተመቸች ከተማ ናት። ከደብረ ታቦር እህል የሚያወርድ ነጋዴ አለ፣ ደመወዝተኛ መምህርና ነርስ አለ፣ በአውራ ጎዳናው ላይ የሚሠራ ሹፌር አለ፣ ጉና ግርጌ ገብስና ድንች የሚያመርት ዘመድ አለ። የዕቁብ ደንብ ሲጻፍ ከሁለቱ ዋሶች ቢያንስ አንዱ ገቢው ከርብና ከጉማራ ያልመጣ ሰው ይሁን የሚል አንድ አንቀጽ ይጨመር። አዲስ ዕቁብ የሚጣለው ሩዙ ተወቅቶ ገንዘብ እጅ ሲገባ ነው፤ አንቀጹ የሚጻፍበት ቀንም ያ ነው።